ስምንት ወር ስለኖረው የአይስላንድ ጥምር መንግሥት፦ ጥያቄና መልስ

ጃንዋሪ 2017 ተመስርቶ ሴፕቴምበር ላይ ስለፈረሰው የአይስላንድ ካቢኔ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ደጋግማችሁ ያነሳችሁትን እነሆ። ቀኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ የተጣመሩት እነማን ናቸው?

መልስ፦ ሦስት ፓርቲዎች። ወግ አጥባቂው የነጻነት ፓርቲ በኦክቶበር 2016 ምርጫ 21 ወንበር አገኘ። አዲሱ ፓርቲ ቪድሬይስን 7፣ ብሩህ ተስፋ የሚባለው ፓርቲ ደግሞ 4። ድምሩ 32 ነው። ፓርላማቸው አልቲንግ 63 ወንበር አለው። ልዩነቱ አንድ ወንበር ብቻ ነበር ማለት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው የነጻነት ፓርቲው መሪ ቢያርኒ ቤኔዲክትሶን ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ ወንበር መንግሥት ይመሰረታል እንዴ? ሌላ መንገድ አልነበረም?

መልስ፦ ተሞክሮ ነበር። ፓርላማው ውስጥ የገቡት ሰባት ፓርቲዎች ናቸው። የግራ አረንጓዴዎች ፓርቲ መሪ ካትሪን ያኮብስዶቲር ሞከረች፣ አልሆነም። የባህር ወንበዴዎች የሚባለው ፓርቲም ሞከረ፣ አልተሳካለትም። ከሁለት ወር በላይ ድርድር በኋላ ነው እዚህ የተደረሰው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ መንግሥቱ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አባት ምክንያት ወደቀ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ግን ሙሉው ታሪክ ይህ ብቻ አይደለም። በዚያን ጊዜ በአይስላንድ ሕግ ከባድ ቅጣት የተፈረደበት ሰው አንዳንድ መብቶችን ያጣ ነበር፤ ለፓርላማ መወዳደርና ጥብቅና ከነዚህ ውስጥ ነበሩ። ቅጣቱን ጨርሶ ዓመታት ካለፉ በኋላ «ክብሬ ይመለስልኝ» ብሎ ማመልከት ይችል ነበር። ታዲያ መልካም ስም ያላቸው ሰዎች ስለ ጠባዩ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፉለት ነበር።

በ2017 አጋማሽ በሕጻናት ላይ ወሲባዊ ጥቃት የፈጸመ አንድ ጠበቃ በዚህ መንገድ ሥራውን መልሶ አገኘ። የተጠቁት ሴቶችና ቤተሰቦቻቸው አደባባይ ወጥተው «ደብዳቤውን የጻፉት እነማን ናቸው?» ብለው ጠየቁ። የፍትሕ ሚኒስቴር ስም አልሰጥም አለ። በኋላ የመረጃ ጉዳዮችን የሚዳኘው ኮሚቴ ሰነዱ ይውጣ ብሎ ወሰነ። ሴፕቴምበር 14 ጉዱ ፈላ፦ የእንጀራ ልጁን ለዓመታት ለበደለ ለሌላ ወንጀለኛ ከፈረሙት አንዱ የቢያርኒ አባት ሆነው ተገኙ።

ጥያቄ፦ አባት ለፈረመው ልጅ ምን ዕዳ አለበት?

መልስ፦ በአባቱ ፊርማ ማንም አልጠየቀውም፤ የተጠየቀው በዝምታው ነው። የፍትሕ ሚኒስትሯ ሲግሪዱር አንደርሰን ነገሩን ጁላይ ላይ ነግራዋለች። ሚኒስትሯ የገዛ ፓርቲው ሰው ናት። አጋሮቹ ግን እስከ ሴፕቴምበር ምንም አልሰሙም። እነሱም ከሕዝቡ ጎን ለጎን ከዜና ነው የሰሙት። የብሩህ ተስፋ አመራር በዚያው ሌሊት ተሰብስቦ «እምነታችን ተጥሷል» ብሎ ከጥምረቱ ወጣ። እኔ እንደማምነው ቢያርኒ በጁላይ ሁለቱን መሪዎች ጠርቶ ቢነግራቸው ኖሮ መንግሥቱ ይተርፍ ነበር። የአንዲት ወንበር ብልጫ ያለው ሰው ከአጋሮቹ ምስጢር መደበቅ አይችልም።

ጥያቄ፦ ብሩህ ተስፋ በዚህ ድምፅ አገኘበት?

መልስ፦ ጠፋበት እንጂ። መንግሥቱ ፈርሶ በተጠራው የኦክቶበር 28 ምርጫ አንድም ወንበር አላገኘም። የፓርቲው መሪ ኦታር ፕሮፔ የሮክ ዘፋኝም የጤና ሚኒስትርም ነበር። አሳዝኖኛል። መርሕ ይዘው ነበር የወጡት። ግን ደጋፊያቸው ገና ከጅምሩ፣ ከወግ አጥባቂዎቹ ጋር ሲቀመጡ ቅር ብሎት ነበር። ቪድሬይስን ወደ 4፣ የነጻነት ፓርቲም ወደ 16 ወረደ።

ጥያቄ፦ በስምንት ወር ውስጥ የሠሩት ነገር አለ?

መልስ፦ አለ፤ ደግሞም ትንሽ አይደለም። ከ2008ቱ የባንኮች ውድቀት ጀምሮ በገንዘብ ዝውውር ላይ የነበረውን ገደብ ማርች ላይ አነሱ። ከሁሉ በላይ የሚወራው ግን የእኩል ደመወዝ ሕጉ ነው። 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ለእኩል ሥራ ለሴትና ለወንድ እኩል እንደሚከፍል ማስረጃ ማቅረብ አለበት ተባለ። ቀድሞ ተበደልኩ የምትለዋ ሴት ነበረች መከራከር ያለባት። ማረጋገጡ ወደ አሠሪው ዞረ። ሕጉ ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል መንግሥቱ ራሱ የለም።

ጥያቄ፦ ስለ አውሮፓ ኅብረትስ?

መልስ፦ ቪድሬይስን በአባልነት ድርድሩ ላይ ሕዝበ ውሳኔ ይፈልግ ነበር። በስምምነታቸው ጉዳዩን ወደ ሥልጣን ዘመናቸው ማብቂያ ገፉት። እዚያ አልደረሱም።

ጥያቄ፦ ቢያርኒ ከፖለቲካ ወጣ?

መልስ፦ ኧረ ያኔስ አልወጣም፤ የወጣው በ2025 ነው! በኖቬምበር 30 ካትሪን ጠቅላይ ሚኒስትር ስትሆን እሱ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ። በ2024 እሷ ለፕሬዚዳንትነት ለመወዳደር ስትለቅ እንደገና ወንበሩን ያዘ። ያንን ጥምረት ደግሞ በኦክቶበር ራሱ አፍርሶ ምርጫ ጠራ።

ጥያቄ፦ እነዚያ ሴቶችስ ምን አገኙ?

መልስ፦ ይህን የጠየቅሽ እህቴ፣ ተባረኪ። አልቲንግ ምርጫው ከመድረሱ በፊት ክብር የመመለሱን አሠራር ከሕጉ አወጣው። ደብዳቤ ጽፎ፣ አስፈርሞ ስም ማደስ ቀረ። ያስቀሩት እነሱ ናቸው።