60ኛው ገጽ ላይ ለቆምሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ካነበብኩት ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣም። ዲስቶፒያ፣ ማለትም ሰዎች በጨቋኝ ሥርዓት ሥር ስለሚኖሩበት ምናባዊ ዓለም የሚተርክ ልብወለድ ጀምረሽ 60ኛው ገጽ ላይ ቆመሻል። ዓለሙን ገንብተሻል፣ ሕጎቹን አውጥተሻል፣ ታሪኩ ግን አልንቀሳቀስ ብሎሻል። እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ስታነቢም ስትጽፊም ድብት ይልሻል። ከታወቁት ጋር ይመሳሰልብኛል ብለሽም ትፈሪያለሽ። እኔ በራሴ ወጪ ሁለት የዲስቶፒያ ልብወለዶች አሳትሜያለሁ። ያልሻቸው ሦስቱም ደርሰውብኛል። እንዴት እንደወጣሁባቸው ልንገርሽ።

የመጀመሪያው መጽሐፌ በር መቆለፍ ስለተከለከለበት ከተማ ነው። ቁልፍ የለም፣ መቀርቀሪያ የለም። ዋናው ገጸ ባሕርይ ድሮ ቁልፍ ሠሪ የነበረ ሰው ነው። ሐሳቡ ሲመጣልኝ በጣም ደስ አለኝ። ሕጉ እንዴት እንደወጣ፣ ማን እንደፈረመው፣ ቁጥጥሩ በስንት መምሪያ እንደተከፈለ በሦስት ምዕራፍ ዘረዘርኩ። ከዚያ ለአምስት ሰዎች እንዲያነቡት ሰጠኋቸው። አራቱ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ አቆሙ። አምስተኛዋ ጨረሰችው፤ የምታስታውሰው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር። አንዲት እናት ገላዋን ስትታጠብ ሰው እንዳይገባባት ታንጎራጉራለች። በሩ ስለማይቆለፍ በድምጿ ነው የምትቆልፈው። እኔ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ አልፌዋለሁ። «እኔ ማወቅ የፈለግኩት ያቺን ሴት ነው» አለችኝ።

ሦስቱን ምዕራፎች አወጣኋቸው። በእናትየው ጀመርኩ። ከዚያ ጥያቄዎቹ ራሳቸው ይመጡ ጀመር። ከሕጉ በኋላ የተወለደችው ልጇ ማንጎራጎሩን ምን ብላ ነው የምታውቀው? እንደ ውሃው፣ እንደ ሳሙናው፣ የመታጠብ አንዱ ክፍል አድርጋ ነዋ። አንድ ቀን ልጅቷ «እማ፣ ሳያንጎራጉሩ መታጠብ ይቻላል እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። እናትየው መልስ አጣች። ይህን ስጽፍ እኔም ትንሽ ተነስቼ መንጎራደድ ነበረብኝ። ስለ ሕጉ በሦስት ምዕራፍ ልናገር የሞከርኩት ሁሉ እዚያች የልጅ ጥያቄ ውስጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዲስቶፒያ ስጽፍም ሳነብም የምፈልገው መልመድን ነው። ሰዎቹ ምኑን ለመዱት? የትኛው ቦታ ላይ «እንግዲህ ምን ይደረግ» ብለው ተዉት? የአንቺን 60 ገጾች እንደገና ስታነቢ ይህንን ፈልጊ። የሆነ ቦታ፣ በአንድ መስመር ብቻ ጽፈሽ ያለፍሽው፣ እንደሚኖር እርግጠኛ ነኝ።

ሌላው ያሳሳተኝ የክፉ ሰው አሳሳል ነው። የበር ተቆጣጣሪውን መጀመሪያ ጯሂና ጨካኝ አድርጌ ነበር የጻፍኩት። ማንንም አላስፈራም። በኋላ ለሕጉ ምክንያት አበጀሁለት። ከዓመታት በፊት በተነሳ ቃጠሎ ብዙ ሰው በር እንደተቆለፈበት ሞቷል። ተቆጣጣሪውም እህቱን ያጣው ያኔ ነው። በየቤቱ እየዞረ በር የሚገፋው ከልቡ ለሰዎቹ አስቦ ነው። አሁን አንባቢው «እውነቱን እኮ ነው» ማለት ይጀምራል። ምን እያለ እንደሆነ ሲገባው ደግሞ ይደነግጣል።

ስለ መመሳሰሉ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔን ብዙ እንቅልፍ ነስቶኛል። መጽሐፌ ከወጣ በኋላ አንድ አንባቢ «ይሄ የዛምያቲን የመስታወት ቤት አይደለም ወይ?» ብሎ ጻፈልኝ። የዛምያቲንን መጽሐፍ አላነበብኩትም ነበር። ሌባ የተባልኩ መሰለኝ። ፈልጌ አነበብኩት። የሩሲያዊው ደራሲ የየቭጌኒ ዛምያቲን ልብወለድ «እኛ» እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1921 የተጻፈ ነው። ሰዎቹ በስም ፈንታ ቁጥር አላቸው፣ የሚኖሩት ግድግዳው መስታወት የሆነ ቤት ውስጥ ነው፣ መጋረጃ የሚያወርዱት በተፈቀደ ሰዓት ብቻ ነው። ደራሲው የመርከብ መሐንዲስ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ ሄዶ የበረዶ ሰባሪ መርከቦችን ግንባታ ተቆጣጥሯል። ከስሌት ጋር የሚውል ሰው፣ ፍቅር እንኳን በስሌት የሚሄድበትን አገር ጻፈ። መጽሐፉ በ1924 ኒው ዮርክ ውስጥ በእንግሊዝኛ ታተመ። በገዛ አገሩ የወጣው ግን በ1988፣ እሱ ከሞተ ከ51 ዓመት በኋላ ነው።

እንግሊዛዊው ደራሲ ጆርጅ ኦርዌል ይህንኑ መጽሐፍ አንብቦ በ1946 ስለ እሱ ግምገማ ጽፏል። የራሱ ዲስቶፒያ ልብወለድ «1984» የወጣው በ1949 ነው። ሁለቱን ያነበበ ሰው ዝምድናቸውን ያያል፤ አንዱን ከሌላው ግን አያምታታም። ኦርዌል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቢቢሲ ውስጥ ሠርቷል። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው አስፈሪው የማሰቃያ ክፍል፣ ክፍል 101፣ ቁጥሩን ያገኘው እዚያ ከነበረ የስብሰባ ክፍል እንደሆነ ይነገራል። አየሽ፣ ሐሳብ ሊመሳሰል ይችላል። የሰለቸሽ የስብሰባ ክፍል ግን ያንቺ ነው። ሥራሽ ምን እንደሆነ አልነገርሽንም። ነርስ ከሆንሽ የተረኛ መዝገቡን አምጪው። ሒሳብ ሠራተኛ ከሆንሽ የወር መዝጊያውን። ያንን ማንም ሊጽፍብሽ አይችልም።

ዓለምሽ ይታመን እንደሆነ ለመፈተን የካናዳዊቷን ደራሲ የማርጋሬት አትውድን ዘዴ ሞክሪ። በ1985 ያሳተመችውን ታዋቂ ዲስቶፒያዋን «The Handmaid's Tale» መጻፍ የጀመረችው የበርሊን ግንብ ገና ሳይፈርስ፣ ምዕራብ በርሊን ሆና ነበር። የሰው ልጅ በታሪክ ውስጥ የሆነ ቦታ ያላደረገውን ነገር መጽሐፉ ውስጥ ላለማስገባት ወሰነች። እኔ ሁለተኛው መጽሐፌ ላይ በእያንዳንዱ ሕግ ጎን «ይህ የት ሆኗል?» ብዬ ጻፍኩ። መልስ ያጣሁላቸውን ሰረዝኩ። ከ14 ሕጎች 5 ቀሩ። መጽሐፉ በጣም የቀለለ፣ ግን የበለጠ የሚያስፈራ ሆነ።

ድብት ማለቱን አላቃልልብሽም። እኔ ረቂቅ እየጻፍኩ ሌላ ዲስቶፒያ አላነብም። የምጽፈው ጠዋት፣ ዜና ሳልሰማ ነው። ካነበብኩም አንድ መጽሐፍ ጨርሼ ወደ ሌላ ዓይነት ንባብ እሄዳለሁ። ደግሞ የ«1984»ን መጨረሻ ገጽ አልፈሽ አባሪውን አንብቢው። ስለዚያ አገር ቋንቋ የሚያብራራ ጽሑፍ ነው፣ የተጻፈውም በኃላፊ ጊዜ ነው። ያ ሥርዓት አልፎ፣ ሌላ ሰው በነጻነት ስለ እሱ እየጻፈ ነው ብለው የሚያነቡት ሰዎች አሉ። እኔም ከእነሱ ነኝ። ያ አባሪ ብዙ ጊዜ ወደ ጠረጴዛዬ መልሶኛል።

በራስሽ ልታሳትሚ ካሰብሽ ስለ ሽፋኑ አንድ ነገር ልበል። የእኔ የመጀመሪያ ሽፋን የፈረሰ ሕንጻና ጭስ ነበር። የገዙት ሰዎች ጦርነት ጠብቀው ማንጎራጎር አገኙ፣ ቅር መሰኘታቸውም ልክ ነበር። በሁለተኛው እትም አንድ ገርበብ ያለ በር ብቻ አደረግኩበት።

ለአሁኑ 60 ገጾቹን አትጣያቸው፣ ግን ለብቻ አስቀምጫቸው። ከሕጎችሽ አንዱን ፈጽሞ የለመደ ሰው ምረጪ። ከእንቅልፉ ሲነሳ ጀምሮ ከቤት እስኪወጣ ያለውን ሁለት ገጽ ጻፊ። ሕጉን በስሙ አትጥሪው። ስትጨርሺ እዚሁ ለጥፊው፣ አነብልሻለሁ።