ችካሉን ለሌላ ሰው አሳየሁ

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ከኮምቦልቻ መጣ። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል፤ ዕጣኑ ገና ይጨሳል። ልጁ በኮንትራት ለአንድ ፋብሪካ ማስፋፊያ በኦቶካድ፣ በኮምፒውተር የንድፍ መሣያ ማለት ነው፣ ይስላል። የሦስት ወር ውል ነው፤ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። «ጋሼ፣ ይራዘምልኝ እንደሆን መቼ ብጠይቃቸው ነው ደግ?» አለኝ።

መልሱ ቀላል ነበር። እኔ ግን ሲኒውን እንደያዝሁ ቀረሁ። ባለቤቴ አየችኝና ሳቀች። እሷ ታሪኩን ታውቃለች።

ነገሩ የ1996 ነው። ሰርቬየር፣ የመሬት ቀያሽ፣ ነበርሁ፤ ጉልበቴ እንደ ድሮው ባይሆንም አሁንም ነኝ። ከደሴ ወደ ኩታበር በኩል ለሚሠራ የገጠር መንገድ አንድ አማካሪ ድርጅት በስድስት ወር ኮንትራት ያዘኝ። ከጥር 1 እስከ ሰኔ 30። በየማለዳው 12 ሰዓት ፒያሳ ቆሜ እጠብቃለሁ። ፒካፑ ሲመጣ ከፊት እቀመጥና ቶታል ስቴሽኑን፣ የመሬት መለኪያ መሣሪያውን፣ ጭኔ ላይ አደርጋለሁ። ከኋላ ከተጫነ ይንገላታል። ዕቃው የኔ አልነበረም፤ ግን ማንም እንዲነካው አልፈቅድም።

ቤንች ማርኮቹን፣ ልኬቱ የሚነሣባቸውን ቋሚ ምልክቶች፣ ሲሚንቶ አፍስሼ፣ መሐሉ ላይ ፌሮ ተክዬ፣ ቁጥራቸውን በቀይ ቀለም የጻፍሁ እኔ ነኝ። ችካሉን የበልግ ዝናብ ይነቅለዋል፤ ዝናቡ የተወውን ደግሞ ሰው ለማገዶ ይወስደዋል። አንዲት እናት ቤት ውኃ ልለምን ገብቼ የራሴን ችካል ምድጃ ውስጥ አገኘሁት። ቀይ ጫፉ ገና አልነደደም። «ምን ላድርግ ልጄ፣ ደረቅ ነው እኮ» አሉኝ። ውኃዬን ጠጥቼ ወጣሁ፤ በማግስቱ ሌላ ተከልሁ።

ግንቦት ገባ። መንገዱ ገና ግማሽ ላይ ነው። ቁፋሮው በክረምት ቢቆምም ልኬቱ እንደሚቀጥል ሁላችንም እናውቃለን። ከኢንጂነሩ ጋር በየቀኑ ምሳ እንበላለን፤ አንድ ትሪ ላይ። ልጠይቀው አስብና ጉርሻዬን እውጣለሁ። ለማኝ እንዳልመስል። ሥራዬን እያየ ነው፣ ከፈለገኝ ራሱ ይንገረኝ። ይሉኝታ ነው። ያኔ ግን ኩራት ነበር የምለው።

ሰኔ 30 አለፈ። አትምጣ ያለኝ የለም። ስለዚህ ሐምሌ 1 እንደ ልማዴ ፒያሳ ቆምሁ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሸፍኖታል። ፒካፑ መጣና ቆመ። በኔ ቦታ ሌላ ልጅ ተቀምጧል። ቶታል ስቴሽኑ ጭኑ ላይ ነው።

ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ወንድሜ… አልነገሩህም እንዴ?» አለኝ።

ለምን እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም፣ ከኋላ ወጥቼ አብሬያቸው ሄድሁ። ለአዲሱ ልጅ ቤንች ማርኮቹን አንድ በአንድ አሳየሁት። የትኛው በጎርፍ ትንሽ እንደተነቃነቀ፣ የትኛውን ማመን እንደሌለበት ነገርሁት። እስከ ቀትር ቆየሁ። ልጁ ጨዋ ነበር፤ ዓይኔን ማየት ግን አልቻለም። ኢንጂነሩ ሲመጣ አዘነ፣ እውነት አዘነ። «ዝም ስትል እኮ ሌላ ቦታ ያገኘህ መሰለኝ። ግንቦት ላይ የሠራተኛ ዝርዝር ስንልክ አንድ ቃል ብትለኝ ምን ነበረበት?» አለኝ።

ለባለቤቴ አልነገርኋትም። አራት ቀን በማለዳ እየወጣሁ ሻይ ቤት ዋልሁ። በአምስተኛው ቀን ቁርሴን አቅርባ «ዛሬስ የትኛው ሻይ ቤት ነው?» አለችኝ።

እንግዲህ መቼ ነው የሚጠየቀው? የኔን ውል ማብቂያ ሳይሆን ግንቦትን እዩት። ደንበኛው ገንዘቡንና ሰዉን የሚያቅድበት ጊዜ አለ፤ ከዚያ በፊት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 አዲሱ ይጀምራል። ሰኔ ላይ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው የተዘጋ መዝገብ ነው። ውጭ አገር ላለ ደንበኛ የምትሠሩ ደግሞ በጀታቸው መቼ እንደሚዘጋ ገና ስትጀምሩ ጠይቁ፤ ነውር የለውም። ለስድስት ወር ውል ወር ተኩል ሲቀር፣ ለሦስት ወር ውል ቢያንስ አንድ ወር ሲቀር። የእህቴ ልጅ ዘግይቷል ማለት ነው። ግን አልረፈደበትም።

አንዴ ደግሞ በተቃራኒው ሆንሁ። ከዚያ ውርደት በኋላ ባገኘሁት ሥራ ገና በሁለተኛው ሳምንት ስለ ማራዘሚያ ጠየቅሁ። ሥራ አስኪያጁ «ወንበሩን እንኳ መች አሞቅኸው!» ብሎ ሳቀብኝ። ውሉ ግን ሁለት ጊዜ ተራዘመ። ስለዚህ ቸኮልሁ ብላችሁ አትጨነቁ።

ጥሩ ነገር ባስረከባችሁበት ሳምንት ጠይቁ። የዘገየ ሥራ እጃችሁ ላይ እያለ ግን አፋችሁን አትክፈቱ።

የዛሬ ልጆች አያፍሩም ሲባል እሰማለሁ። ውሸት ነው። እንደኛው ታፍራላችሁ፤ ልዩነቱ እናንተን ስልኩ ይሸፍናችኋል። «ኮንትራቴ ይራዘማል?» ብላችሁ ከምሽቱ 4 ሰዓት ቴሌግራም ላይ ትልኩና፣ ሰውየው አይቶ ዝም ሲል ተኮራርፋችሁ ትቀራላችሁ። ሂዱና ፊት ለፊት ጠይቁ። «እሺ» ሲሏችሁ ግን በዚያው ቀን በጽሑፍ አስታውሷቸው፤ ቴሌግራምም ቢሆን። አዎ፣ አሁን ነው ቴሌግራሙን የነቀፍሁት። ለመጠየቅ አይሆንም፣ ለማስረጃ ይሆናል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ በራሱ ሙያ ኃላፊነት ወስዶ የሚሠራን ሰው አይመለከትም። እንዲህ የምትሠሩ ከሆነ ማስጠንቀቂያ ይሰጡኛል፣ ካሳ አለኝ ብላችሁ አትጠብቁ። ያላችሁ ያ የፈረማችሁት ወረቀት ነው። ወረቀቱ ካለቀ በኋላ «ይፈረማል፣ አንተ ቀጥል» ቢሏችሁ አንድ ሳምንት ታገሡ። ከዚያ ወዲያ ዕቃችሁን ሰብስቡ። እኔ አንዴ ሁለት ወር ቀጥዬ… እሱን ሌላ ጊዜ።

ልጁ በረካውን ጠጥቶ ተነሣ። የሐረጎን ቁልቁለት ሳይመሽ መውረድ አለበት። «ነገውኑ ልጠይቃቸው?» አለኝ ጫማውን እያሰረ።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ እንዳለው ልጁ ራሱ ነግሮኛል። «ማክሰኞ፣ ሥዕሉን ካስረከብህ በኋላ» አልሁት።