ቅርጫት ኳስ ወይስ ሙዚቃ? ለአራት ኪሎው ተማሪ

ሰላም ወንድሜ፣

12ኛ ክፍል ነህ። ከትምህርት በኋላ አራት ኪሎ ከአንድ ክለብ የታዳጊ ቡድን ጋር ትለማመዳለህ፣ ማታ ማታ ላፕቶፕህ ላይ ቢት (የዘፈን ማጀቢያ) ትሠራለህ። እናትህ «አንዱን ተው፣ ፈተናህን አስብ» ይሉሃል። ካዛንቺስ ያለ ስቱዲዮ ደግሞ «በነፃ እቀርጽልሃለሁ፣ የዘፈኖቹ መብት ግን የእኔ ይሁን» ብሎሃል። ሁለቱንም ይዤ መዝለቅ እችላለሁ ወይ ነው ጥያቄህ።

ትችላለህ። ግን ሁለቱ እኩል አይቸኩሉም። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ጊዜ አላቸው፤ ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ብዙው ተጫዋች ጫማውን ይሰቅላል። ዜማ ግን በ50 ዓመትም ይሠራል። ስለዚህ አሁን ሰዓት ሲጋጭብህ ቅድሚያው የኳሱ ይሁን።

ዌይማን ቲዝዴልን አታውቀው ይሆናል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጻፍልህ።) በ1984 ኦሎምፒክ ከአሜሪካ ቡድን ጋር ወርቅ አግኝቷል፣ ከዚያ በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ 12 የውድድር ዘመን ተጫውቷል። አባቱ ፓስተር ነበሩ፤ ቤዝ ጊታሩን የለመደው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። የመጀመሪያ የጃዝ አልበሙን በ1995 ሲያወጣ ገና ሜዳ ላይ ነበር። በ1997 ኳሱን ሲያቆም ታዲያ ሙያ ፍለጋ አልወጣም። ጃዙ ቀድሞ ተደላድሎ ነበር። የኤንቢኤውን ኮከብ ሻኪል ኦኒልን ለአንተ መንገር አያስፈልግም፤ በ1993 ያወጣው የራፕ አልበም ፕላቲነም (አሜሪካ ውስጥ የአንድ ሚሊዮን ቅጂ ማዕረግ) ሆኗል፣ ዛሬ ደግሞ ዲጄ ነው። ሌላው የኤንቢኤ ተጫዋች ዴሚያን ሊላርድም ከ2016 ጀምሮ አልበም ያወጣል። ራፐሩ ጄ ኮል በተቃራኒው ከሙዚቃ ወደ ኳስ መጥቶ በ2021 ኪጋሊ ላይ ለሩዋንዳው ክለብ ፓትሪዮትስ ሦስት ጨዋታ ተጫውቶ ተመልሷል። በዚያ በኩል መምጣት ይከብዳል።

የኤንቢኤውን ኮከብ አለን አይቨርሰንንም አስታውስ። በ2000 የለቀቀው ዘፈን በግጥሙ ምክንያት ከሊጉ ኃላፊ ሳይቀር ወቀሳ አመጣበት፤ አልበሙም ሳይወጣ ቀረ። ክለብ ሲያስፈርምህ ስምህንም አብሮ ይይዛል።

ከሙዚቃው ደግሞ ለተጫዋች የሚመቸውን ክፍል ያዝ። ቢት መሥራትና ግጥም መጻፍ አውቶቡስ ውስጥም ይሆናል። የናይት ክለብ መድረክ ግን አይሆንም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ዘፍኖ ጠዋት ልምምድ የሚገባ ልጅ አንድ ወር ቢቆይ ነው፣ ከዚያ ወይ ይጎዳል ወይ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይቀራል።

አሁን እውነቱን እንነጋገር። እዚህ አገር ቅርጫት ኳስ እንደ እግር ኳስ አይከፍልም። ኤንቢኤም በዓመት የሚመርጠው 60 ገደማ ልጅ ነው፣ ከመላው ዓለም። ይልቅ ለአንተ የሚቀርበው በር የአሜሪካ ኮሌጅ ስኮላርሺፕ ነው። ለእሱ የሚጠየቀው ደግሞ የትምህርት ውጤት፣ እንግሊዝኛና የሙሉ ጨዋታ ቪዲዮ ነው። ሦስት ዳንክ (ዘለህ ኳሱን ቅርጫቱ ውስጥ በእጅህ የከተትክበትን) ብቻ ቆርጠህ አትላክ፤ አሠልጣኝ ማየት የሚፈልገው መከላከል ላይ እንዴት እንደምትቆም ነው። 12ኛን ከጨረስክ በኋላ ዓመታት በባከኑ ቁጥር የኮሌጅ መጫወቻ ዕድልህም ይጠባል። አንድ ብዙዎች የሚረሱት ነገር አለ፦ በተማሪ ቪዛ እዚያ ሆነህ ያለ ፈቃድ ሠርተህ ገንዘብ መቀበል አይቻልም፣ ኮንሰርትም ቢሆን። ካልተሳካ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት እዚሁ ነው። እናትህም ስለ ፈተናው ያሉት ትክክል ነው፤ የትኛውም በር ያለ እሱ አይከፈትም።

የስቱዲዮውን ውል አትፈርም። በነፃ ቀረጻ ስም ዘፈኑን ለዘለዓለም መውሰድ ውድ ዋጋ ነው። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ከሥራው ገንዘብ የማግኘት መብቱ፣ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። አስብ፣ በዚህ ዕድሜህ የምትሰጠው ያንን ሁሉ ነው! ቀረጻው ስንት እንደሆነ ጠይቀህ ክፈል። ካልቻልክ ለአንድ ዘፈን ብቻ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ ከገቢው ድርሻህ በቁጥር ተጽፎ ተስማማ። ገና 18 ካልሞላህ ደግሞ ብቻህን ብዕር አታንሳ፣ እናትህ አብረው ይቀመጡ። ሰውየው «ዛሬውኑ ካልፈረምክ ይቅር» ካለህ ይቅር በለው።