የተሰበረ መንጋጋ ጥርስ ይነቀል ወይስ ይዳን? ሁለቱንም አይቻለሁ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የታችኛው መንጋጋ ጥርስሽ ግማሹ ተሰብሯል። አንዱ ሐኪም «ሩት ካናል ተሠርቶ ክራውን ይደረግለት» አለሽ፤ ሌላው «ነቅለን ኢምፕላንት እንትከል» አለሽ። (ሩት ካናል የተበከለውን የጥርስ ነርቭ አውጥቶ ውስጡን ማሸግ ነው፤ ክራውን ጥርሱን ዙሪያውን የሚሸፍን ቆብ ነው፤ ኢምፕላንት ደግሞ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል የታይታኒየም ብሎን ነው፣ ላዩ ላይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይደረግበታል።) ድሮ ያስነቀልሽው የላይኛው የመጨረሻ መንጋጋ ቦታም ባዶ ነው፤ እሱስ ይሞላ ወይ ብለሻል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን አንድ መንጋጋ አትርፌያለሁ፣ አንዱን ደግሞ በራሴ ጥፋት አጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ጥናቶቹን እየፈለግሁ አነባለሁ።

ካጣሁት ልጀምር። ነርቩ ተበክሎ ሩት ካናል ተሠራልኝ። ሐኪሟ «ይሄ ሙሌት ጊዜያዊ ነው፣ ክራውን ሳታደርጊ እንዳትቆዪ» ብላኝ ነበር። ሕመሙ ሲጠፋ ነገ ዛሬ እያልኩ ተውኩት። በሰባተኛው ወር እራት እየበላሁ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ምንም አላመመኝም። በምላሴ ስነካው አንደኛው ግድግዳ ይነቃነቃል። ሐኪሟ በቀጭን መለኪያ ስንጥቁን ስትከተለው ከድድ በታች ጠልቆ ወደ ሥሩ ወርዷል። ማስነቀል ብቻ ቀረልኝ።

ለምን እንደተሰበረ የገባኝ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ሩት ካናል የተሠራለት ጥርስ «ስለሞተ ይደርቃል» ይላል። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ መቦርቦሩ፣ ቀጥሎ ወደ ነርቩ ለመግባት የሚከፈተው ቀዳዳ፣ መሀሉን ባዶ ያስቀሩታል። የቀሩት ግድግዳዎች ባኘክሽ ቁጥር ወደ ውጭ ይገፋሉ። ክራውን የሚሠራው ሥራ የሚሰነጠቅን እንጨት በብረት ቀለበት እንደ ማሰር ነው።

ጥናቱስ? እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ሩት ካናል ተሠርቶላቸው ክራውን ያልተደረገላቸው ጥርሶች ክራውን ካላቸው በ6 እጥፍ ፍጥነት እንደሚጠፉ አሳይቷል። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ግን ልብ በይ፣ ይህ የቆዩ የሕክምና መዝገቦችን አገላብጦ የተሠራ ነው። ክራውን የተደረገላቸው ከመጀመሪያውም የተሻሉ ጥርሶች ሊሆኑ ይችላሉ። ሰዎችን በዕጣ ከፍለው የተሠሩ ሙከራዎችን የመዘነው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ተቋም) ግምገማ ደግሞ ክራውን ከሙሌት ይበልጣል ለማለት በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። ይህ ማለት «ክራውን አይጠቅምም» ማለት አይደለም፤ በደንብ የተፈተነው በጣም ጥቂት ነው ማለት ነው። እኔ የሁለቱን ጥርሶቼን ዕጣ አይቻለሁ፤ ብዙ አካሉ ለሄደ መንጋጋ ክራውን ይደረግ እላለሁ። በጊዜው ክራውን ያደረግሁለት ሁለተኛው መንጋጋዬ ዘጠነኛ ዓመቱን ይዟል፣ እስከ ዛሬ አኝክበታለሁ።

ያንቺ ጉዳይ የሚወሰነው በአንድ ነገር ላይ ይመስለኛል፦ ከድድ በላይ ምን ያህል ጤነኛ ጥርስ ቀርቷል? ክራውን ሙሌት ላይ ብቻ ተቀምጦ አይጸናም፤ ዙሪያውን የሚጨብጠው ጤነኛ ጥርስ ይፈልጋል። በተለምዶ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ቁመት ይፈለጋል። የኔ ሐኪም መስታወት አስይዛኝ ይህችን ከድድ በላይ የቀረች የጤነኛ ጥርስ ቀለበት ዙሪያውን እያዞረች አሳይታኛለች። «እዚህ አለሽ፣ እዚህ አለሽ፣ እዚህ ጋ ብቻ ይሳሳል» አለችኝ። ያኔ ነው የምትለው የገባኝ። ሁለቱ ሐኪሞችሽ የተለያዩት ይህችን ቀለበት አንዱ ትበቃለች ሌላው አትበቃም ብለው ሊሆን ይችላል።

ወደ ኢምፕላንቱ እንምጣ። እኔም አለኝ፣ አላማርርም። ስዊድናዊው ተመራማሪ ፔር-ኢንግቫር ብሮነማርክ ታይታኒየም ከሕያው አጥንት ጋር እንደሚጣበቅ ያየው ጥንቸሎች ላይ ሌላ ነገር ሲያጠና ነው። የመጀመሪያውን ሰው ያከመው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ዛሬ በ10 ዓመት ውስጥ ከ100 ኢምፕላንት ወደ 95 የሚሆኑት በቦታቸው ይገኛሉ። ግን «በቦታው አለ» እና «ችግር የለበትም» ለየቅል ናቸው። ብሎኑ ይላላል፣ ላዩ ላይ ያለው የሸክላ ሽፋን (ፖርሴሊን) ይሸረፋል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ዙሪያውን ያለው ድድ ተቆጥቶ አጥንቱን ሲበላው ነው። ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው ያዩ ሰዎች ኢምፕላንት ካላቸው ከ5 ታካሚዎች 1 ያህሉ ላይ አግኝተውታል። ሲጋራ የምታጨሺ፣ ስኳርሽ የማይስተካከል ወይም ከዚህ በፊት የድድ በሽታ የነበረብሽ ከሆነ አደጋው ይጨምራል፤ ለሐኪምሽ አትደብቂ።

በደንብ የተሠራ ሩት ካናልና ክራውን ከኢምፕላንት ጋር ሲነጻጸር ደግሞ የመቆየት ዕድላቸው ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ እኩል ከሆኑ እኔ የራሴን አስቀድማለሁ። የዳነው ጥርስ ከዓመታት በኋላ ቢከሽፍ ያኔ ኢምፕላንት መትከል ይቻላል። የተነቀለውን ግን ማንም አይመልሰውም።

ቀለበቷ ከሌለች ወይም ሥሩ ከተሰነጠቀ ግን ጥርሱን አታስታሚው። ከመነቀሉ በፊትም በቦታው ምን እንደሚተካ ተነጋገሩ። እኔ ካስነቀልኩ በኋላ አንድ ዓመት ተኩል ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ጥርስ ከተነቀለ በኋላ በ12 ወር ውስጥ በቦታው ያለው የመንጋጋ አጥንት ስፋት በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የሚጠፋ ነው። የኔም አጥንት ስለሳሳ መጀመሪያ አጥንት ተጨመረልኝ፣ ከዚያ ወራት ጠበቅሁ፣ ከዚያ ነው የተተከለልኝ።

ብሪጅ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ባሉት ጥርሶች ላይ ተደግፎ ክፍተቱን የሚሞላ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ሦስተኛ አማራጭ ነው። ከ100 ወደ 89 ያህሉ 10 ዓመት ይቆያሉ። ግን ግራና ቀኙ ያሉት ጥርሶች ይሞረዳሉ። እነሱ ቀድሞም ክራውን የሚፈልጉ ከሆኑ ጥሩ ነው፤ ሙሉ ጤነኛ ከሆኑ ግን እኔ አላስሞርዳቸውም።

የላይኛው ባዶ ቦታ ግን ብዙ አያስጨንቅሽ። ሆላንዳዊው አርንድ ካይዘርና ባልደረቦቹ የኋላ መንጋጋቸውን ያጡ ሰዎችን ተከታትለው ብዙዎቹ ያለ ምትክ በደንብ እንደሚያኝኩ አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ ሰው የሚሠራ አፍ ብሎ ያስቀመጠው ግብ 20 የራስ ጥርስ ነው። ሲያኝኩ የማያስቸግር፣ ሲስቁ የማይታይ ክፍተት ሁሉ መሞላት የለበትም። ሐኪሙ ብቻ ከትይዩ ያለው የታችኛው ጥርስ ወደ ክፍተቱ እየወጣ እንዳልሆነ ይይልሽ።

አሁን በጥርሱ ላይ ያለው ጊዜያዊ ሙሌት ከሆነ በዚያ በኩል ጠንካራ ነገር አትንከሺ። ራጅሽን ይዘሽ ወደ ሁለቱም ሐኪሞች ተመለሺና «ዙሪያውን ስንት ሚሊ ሜትር ጤነኛ ጥርስ ቀረ? ስንጥቅስ አለው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። መስታወት አስይዘው እንዲያሳዩሽም ለምኚያቸው። የነገሩሽን እዚህ ጻፊልን፣ አብረን እናየዋለን።