ፎርማት እንዳታደርገው! ፋይሎችህ እዚያው ውስጥ ናቸው

ወንድሜ፣ የጠየቅከው «ሙዚቃ ማጫወቻዬን ሊኑክስ ላይ ስሰካው ቻርጅ ያደርጋል፣ ስክሪኑም መገናኘቱን ያሳያል፣ ፋይል ማናጀሩ ላይ ግን ወይ አይመጣም ወይ ባዶ ሆኖ ይከፈታል፤ ፎርማት ባደርገው ይስተካከላል?» ብለህ ነው። አይስተካከልም። «ፎርማት አድርገውና ተገላገል» ያሉህን ሰዎች እባክህ አትስማቸው። ይህ ምክር የስንቱን ዘፈንና የድምፅ ቅጂ እንዳጠፋ ሳስበው ያናድደኛል። ፎርማት ስታደርግ ፋይሎቹ ይጠፋሉ፣ ችግሩ ግን ባለበት ይቀራል፤ ምክንያቱም ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ ማጫወቻውና ኮምፒውተሩ የሚነጋገሩበት መንገድ እንጂ የማስቀመጫው ብልሽት አይደለም።

ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ አድርጌ ነው የምጽፍልህ፤ ተርሚናል ላይ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት አስገባቸው።

1. ገመዱን አረጋግጥ። ቻርጅ ማድረጉ ገመዱ ደህና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ተራ የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ አራት ሽቦ አለ፤ ሁለቱ ኃይል፣ ሁለቱ ዳታ ያስተላልፋሉ። ለቻርጅ ብቻ የተሠሩት የዳታዎቹ ሽቦዎች የሏቸውም። ማጫወቻውን ነቅለህ ኤልኤስዩኤስቢ (የተሰኩ የዩኤስቢ መሣሪያዎችን የሚዘረዝር ትዕዛዝ) በል፣ ከዚያ ሰክተህ ድገመው። አዲስ መስመር ካልተጨመረ ወደ ታች አትሂድ፤ ገመድና ፖርት ቀይር፣ ሃብ ካለም አውጣው። የአንተ ስክሪን መገናኘቱን ስለሚያሳይ መስመሩ ይታይሃል ብዬ እገምታለሁ።

2. ዩኤስቢ ሞዱን እይ። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ማጫወቻዎች በሁለት ዓይነት መንገድ ይገናኛሉ። አንደኛው ኤምኤስሲ ነው፤ የመጋዘኑን ቁልፍ ለኮምፒውተሩ አስረክቦ ዞር እንደማለት ነው፣ ማጫወቻው እንደ ፍላሽ ዲስክ ይሆናል። ሁለተኛው ኤምቲፒ ነው፤ ቁልፉ ከማጫወቻው ጋር ይቆይና ኮምፒውተሩ «ይህን ስጠኝ፣ ያንን አስቀምጥልኝ» እያለ ይጠይቃል። ኤምቲፒ ላይ ከሆነ ዲስክ የሚባል ነገር ኮምፒውተሩ ላይ ስለማይፈጠር ኤልኤስቢኤልኬ (ዲስኮችን የሚዘረዝር ትዕዛዝ) ላይ ስትፈልገው ብትውል አታገኘውም። ሰው «ሊኑክስ አይደግፈውም» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ላይ ነው፤ ሊኑክስ ግን ሁለቱንም በደንብ ይደግፋል።

ገመዱን ንቀልና ማጫወቻው ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ ዩኤስቢ ሞድ የሚለውን ክፈት። ሳንዲስክ ሳንሳ ክሊፕ ፕላስን በመሳሰሉት ላይ ሦስት ምርጫ ታያለህ፦ አውቶ፣ ኤምቲፒ፣ ኤምኤስሲ። ኤምኤስሲን ምረጥና መልሰህ ሰካ። አንድሮይድ የሚጠቀሙት ላይ ኤምኤስሲ አትፈልግ፣ አዳዲሶቹ የላቸውም፤ ከሰካህ በኋላ ስክሪኑን ከላይ ወደ ታች ስበህ «ቻርጅ ብቻ» የሚለውን ወደ «ፋይል ማስተላለፍ» ቀይር፤ ስክሪኑም ተቆልፎ እንዳይሆን።

አሁን ልብ በልልኝ። ሳንሳዎቹ ላይ በኤምቲፒ የተጫነ ፋይል ወደ ኤምኤስሲ ስትቀይር አይታይም። ማጫወቻው ራሱ ዘፈኑን ያጫውተዋል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ግን የሙዚቃ ፎልደሩ ባዶ ነው፣ የቀረው ቦታ ሲታይ ደግሞ ተይዟል። ሰው ይህን ሲያይ «ተበላሽቷል» ብሎ ፎርማት ያደርጋል። አልተበላሸም! ሞዱን ወደ ኤምቲፒ መልሰው፣ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር ገልብጥ፣ እዚያው በኤምቲፒ እያለህ ከማጫወቻው ላይ አጥፋ፣ ከዚያ ወደ ኤምኤስሲ ቀይረህ መልሰህ ጫን። ከዚያ በኋላ አውቶ የሚለውን ምርጫ አትንካው፤ አንድ ጊዜ በዚህ፣ ሌላ ጊዜ በዚያ እየተገናኘ ፋይልህን ለሁለት ይከፍልብሃል። እኔን ብትጠይቀኝ ምርጫ ያለው ማጫወቻ ሁልጊዜ ኤምኤስሲ ላይ ይቀመጥ፤ ይፈጥናል፣ የማንንም ፕሮግራም አይፈልግም።

3. ኤምኤስሲ ላይ ሆኖም በራሱ ካልተከፈተ ኤልኤስቢኤልኬ በል። የትኛው ማጫወቻው እንደሆነ በስሙ ሳይሆን በመጠኑ ለየው፤ 8 ጊጋ የሚባለው 7.4 አካባቢ ሆኖ ይታያል፣ አርኤም በሚለው ዓምድ ሥርም ብዙውን ጊዜ 1 ይጻፋል። ሚሞሪ ካርድ ካለው የውስጡና የካርዱ እንደ ሁለት ዲስክ ይመጣሉ። አንዳንድ ማጫወቻ ደግሞ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) የለውም፤ ዝርዝሩ ላይ ለምሳሌ ኤስዲቢ የሚል የዲስክ ስም ይኖራል፣ ኤስዲቢ1 ግን የለም። ይህም ጤነኛ ነው፣ ራሱን ኤስዲቢን ማውንት አድርግ፣ ማለትም ለመጠቀም ክፈተው። ለዚህ ዩዲስክስሲቲኤል ማውንት ሰረዝ ቢ የሚለውን ተጠቀምና የት እንደከፈተው መልሶ ይነግርሃል። በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ማውንት ካደረግከው ፋይሎቹ የሩት፣ ማለትም የአስተዳዳሪው፣ ይሆኑና መጻፍ ትከለከላለህ። ያኔ ቻውን (የፋይል ባለቤት መቀየሪያ ትዕዛዝ) እያልክ አትድከም፤ ፋት32 የሚባለው የማጫወቻው የፋይል አቀማመጥ የባለቤት ስም የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው አይሠራም። አንማውንት አድርገህ (ዘግተህ) ዩአይዲ እኩል ይሆናል 1000 የሚል አማራጭ ጨምረህ ክፈተው፤ 1000 የመጀመሪያው ተጠቃሚ ቁጥር ነው። በግዕዝ ፊደል የተሰየሙ ፋይሎች ጥያቄ ምልክት ብቻ ሆነው ከመጡብህም ስሞቹ አልጠፉም፤ ዩቲኤፍ8 የሚለውን አማራጭ እዚያው ላይ ጨምር።

64 ጊጋና ከዚያ በላይ የሆነ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ኤክስፋት የሚባል ሌላ የፋይል አቀማመጥ ነው ያለው። ከርነልህ (የሊኑክስ እምብርት) 5.7 ወይም ከዚያ ወዲህ ከሆነ ድጋፉ ከውስጡ ነው፤ በጣም የቆየ ሲስተም ላይ ከሆንክ ኤክስፋት-ፊዩዝ የሚባለውን ፓኬጅ ጫን።

ኤምቲፒ ብቻ ያለው ማጫወቻ ከሆነ ደግሞ ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ጂቪኤፍኤስ-ባክኤንድስ፣ ኬዲኢ ላይ ኬአይኦ-ኤክስትራስ የሚባለው ፓኬጅ መጫኑን አረጋግጥ። ከዚያ ፋይል ማናጀሩ በጎን ባለው ዝርዝር ላይ ያወጣዋል። ተርሚናል ላይ የምትፈልገው ከሆነ ረን፣ ዩዘር፣ 1000፣ ጂቪኤፍኤስ በሚለው መንገድ ውስጥ ታገኘዋለህ። ሰው የሚያሳብደው እዚህ ያለው አንድ ነገር ነው፦ ኤምቲፒ በአንድ ጊዜ ከአንድ ፕሮግራም ጋር ብቻ ነው የሚነጋገረው። ፋይል ማናጀሩ ይዞት እያለ ኤምቲፒ-ዲቴክት (ማጫወቻውን የሚፈትሽ ትዕዛዝ) ብትል መሣሪያውን መክፈት እንዳልቻለ በትልቁ ጽፎ ቁጥር −6 ይመልስልሃል። ይህ ቁጥር «ሌላ ይዞታል» ማለት ነው እንጂ ማጫወቻህ ሞቷል ማለት አይደለም። ፋይል ማናጀሩ ላይ ኢጀክት በልና ድገመው። የዘፈን ታግ (በፋይሉ ውስጥ የተጻፈ የዘፋኝና የርዕስ መረጃ) ማስተካከል ካሰብክም ኮምፒውተር ላይ ገልብጠህ አስተካክለህ መልስ፤ በኤምቲፒ ውስጥ በቀጥታ ማረም እምነት አይጣልበትም።

አይፖድ ለሆነባችሁ በአጭሩ፦ ከአይፖድ ተች በስተቀር የድሮዎቹ እንደ ዲስክ ይከፈታሉ፣ ዘፈኖቹ ግን አይፖድ-ኮንትሮል፣ ሙዚክ በሚለው ውስጥ ኤፍ00፣ ኤፍ01 እያሉ በሚሄዱ ፎልደሮች ተበታትነው፣ ስማቸውም አራት ፊደል ሆኖ ነው የምታገኙት። ታጎቹ ግን ደህና ናቸው። ገልብጣችሁ በታግ መሰየሚያ ፕሮግራም ስማቸውን መመለስ ትችላላችሁ። መልሶ ለመጫን ግን ፋይሉን እዚያ መወርወር ብቻ አይበቃም፣ አይፖዱ የራሱን ዝርዝር ስለሚያነብ ሪትምቦክስን ወይም ጂቲኬፖድን ተጠቀሙ። ማክ ላይ የተዘጋጀ አይፖድ ሊኑክስ ላይ በተለምዶ ለማንበብ ብቻ ነው የሚከፈተው።

4. አነቃቀል። ከፎርማት ቀጥሎ ብዙ ፋይል የሚበላው ይህ ነው። የመገልበጫው መስመር ሞልቶ ሲጠፋ ሥራው አለቀ ማለት አይደለም፤ ሊኑክስ ዳታውን መጀመሪያ ራም ላይ ይይዝና በኋላ ቀስ እያለ ይጽፈዋል፤ የማጫወቻ ሚሞሪ ደግሞ ዘገምተኛ ነው። ያኔ ከነቀልክ መጨረሻ ላይ የገለበጥካቸው ዘፈኖች መሀል ላይ ይቆረጣሉ፣ ወይም የፋይል ሠንጠረዡ ይዛባል። ሲንክ ብለህ ተርሚናሉ መስመሩን እስኪመልስልህ ጠብቅ፣ ከዚያ ኢጀክት አድርግ፣ ከዚያ ንቀል። ተዛብቶ ከሆነ ምልክቱ ይህ ነው፦ መጻፍ ስትሞክር «ለማንበብ ብቻ» ብሎ ይከለክልሃል፣ ዲኤምኢኤስጂ (የሲስተሙን መልእክቶች የሚያሳይ ትዕዛዝ) ላይም በአግባቡ አንማውንት እንዳልተደረገ የሚናገር መስመር ታያለህ። መጀመሪያ የሚነበበውን ሁሉ ገልብጥ። ቀጥሎ አንማውንት አድርገህ ኤፍኤስሲኬ ነጥብ ቪፋት ሰረዝ ኤ በለው። ቅደም ተከተሉን አትገልብጠው፤ ጥገናው ራሱ የተበላሹ ፋይሎችን ሊቆርጥ ይችላል።

ፋይል አጥፍተህ ቦታው ካልተለቀቀ ማጫወቻው ላይ ነጥብ ትራሽ-1000 የሚል የተደበቀ ፎልደር አለ፤ ኮንትሮልና ኤች ተጭነህ አውጣውና አጥፋው። የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል የተዘበራረቀ ከሆነ ደግሞ ብዙ ርካሽ ማጫወቻዎች በስም ሳይሆን ፋት ሠንጠረዡ ላይ በተጻፉበት ተራ ስለሚያጫውቱ ነው። አንማውንት አድርገህ ፋትሶርት የሚባለውን ፕሮግራም ብታሂድበት ይስተካከላል። በአርሲንክ (ፎልደሮችን የሚያመሳስል ትዕዛዝ) የምትጭን ከሆነ ሰረዝ ኤ ሳይሆን ሰረዝ አርቲ በል፣ ሞዲፋይ-ዊንዶው 1 የሚለውንም ጨምር፤ ፋት ሰዓትን በሁለት ሰከንድ እየዘለለ ስለሚመዘግብ ያለዚያ ያልተቀየሩ ዘፈኖችን እንደተቀየሩ ቆጥሮ እንደገና ሊጭን ይችላል።

ይህን ሁሉ ሞክረህ ካልተከፈተ የማጫወቻውን ሞዴል፣ ኤልኤስዩኤስቢ ላይ የወጣውን መስመርና ከሰካኸው በኋላ ዲኤምኢኤስጂ የሚያሳየውን የመጨረሻ ሃያ መስመር እዚህ ለጥፍልን። እስከዚያ ድረስ ፎርማት የሚለውን አትንካ።