ፍሬሽማን (የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት) ላይ ዘና ብል ይጎዳኛል ወይ?

አዎ፣ ይጎዳሻል። «ጅማ ደርሶኛል፤ ፍላጎቴ ፋርማሲ ነው፤ ዲፓርትመንት እስክይዝ ልረፍ ወይ?» ነው ያልሽው። ዲፓርትመንቱን የሚያስገኝልሽ እኮ የፍሬሽማን ውጤትሽ ነው። ምርጫ ትሞያለሽ፤ ግን ፈላጊው ከቦታው ሲበልጥ በዋናነት የሚታየው ጂፒኤ (የኮርሶችሽ አማካይ ውጤት) ነው።

ሂሳቡን እዪው። ኤ 4፣ ሲ 2 ነው፤ በኮርሱ ክሬዲት (ክብደት) ይባዛል። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ላይ ኤ ካመጣሽ 12 ነጥብ አለሽ። ሲ ካመጣሽ 6። በአንድ ኮርስ ብቻ ግማሹ ሄደ። ይህ ደግሞ እስክትመረቂ ከድምር ጂፒኤሽ ጋር አብሮሽ ይቆያል።

ስለዚህ፦

1. በመጀመሪያው ሳምንት ከየመምህሩ ኮርስ አውትላይን ተቀበዪ። ኩዊዝ፣ አሳይመንትና ሚድ ስንት ስንት እንደሚይዙ እዚያ ላይ ታገኛለሽ። ለትንሽ ማርክ ሌሊቱን ሙሉ አትቀመጪም፤ ትልቁንም ሳታውቂ አያልፍሽም።

2. ማትስና ፊዚክስ በማንበብ አይገቡም። እስክሪብቶ ይዘሽ በየቀኑ ጥያቄ ስሪ። ሎጂክንም ቀላል ነው ሲሉሽ አትናቂው፤ ፋላሲዎቹ (የተሳሳቱ የክርክር ዓይነቶች) ሲመሳሰሉ ፈተና ላይ ይምታታሉ።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅሽ። ዶርም ውስጥ የድሮ ፈተና ወረቀት ይዞራል። ለልምምድ በጣም ጥሩ ነው። እኛ ብሎክ ግን መልሱን ብቻ ሸምድደው የገቡ ልጆች ነበሩ። መምህሩ ጥያቄዎቹን ትንሽ ቀያየራቸው፣ ሚዱ ተበላሸ። በፋይናል ለማካካስ ሲሯሯጡ ሌሎቹም ኮርሶች አመለጧቸው። አንቺ መጀመሪያ ሀንድአውቱን (መምህሩ የሚሰጠውን ማስታወሻ) ጨርሺ፤ ከዚያ መልሱን ሸፍነሽ ወረቀቱን ስሪው።