መልስ፦ አስፋልቱን ማወፈር መንገድን ከክረምት ያድናል?
ውድ ጠያቂ፣ አስፋልቱ ቢወፍር በየክረምቱ የሚፈርሱት መንገዶቻችን ይጸኑ እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት ዋናው ጠላት ከሥር የሚሰርገው ውሃ ነው። ከመንገዱ ሥር ዋልካ (ጥቁር ሸክላማ) አፈር ካለ፣ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ በመሆኑ፣ በተመረጠ አፈር ካልተተካ ወይም በኖራ ካልታከመ፣ የጎን ቦዩም ከክረምት በፊት ካልተጠረገ (ቦይ መጥረግ ሪባን አይቆረጥበትምና ብዙ ጊዜ ይዘነጋል)፣ የቱንም ያህል የወፈረ አስፋልት መሰንጠቁ አይቀርም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው የዓባይ በረሃ መንገድ ግን ተዳፋቱ ራሱ ስለሚንሸራተት፣ ውሃውን ከመንገዱ በላይ በቦይ መጥለፍና በተዳፋቱ ውስጥ የታቆረውንም ማፍሰስ ያስፈልጋል። የውሃ ማሳለፊያ ቱቦዎች ስፋትም ባለፉት ዓመታት ዝናብ ብቻ ሳይሆን ወደፊት ሊጥል በሚችለው ከባድ ዝናብ ጭምር ሊሰላ ይገባል።